አረንጓዴውን ውኃ ማን አጠራው?

ቁይ በምትባለው አካባቢ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ረግረግ ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። እረኛው በበትሩ ገፋ አድርጎ ከብቱን ያጠጣል፤ ከዚያ በላይ ጉዳዩ አይደለም። የተማሪ መጽሐፍ ዋቅላሚ ይለዋል።

በአገራችን ይህን መሰሉን አረንጓዴ በቁም ነገር ከለኩት አንዱ እንግሊዛዊው ጃክ ታሊንግ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ጭምር የሠራው ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጥያቄያቸው ልምላሜው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል የሚል ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ አረንጓዴው በአንድ ሌሊት ድራሹ ሲጠፋስ?

ይህ የገጠማቸው የአሜሪካው ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ራስል ሜንትስና የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ጄምስ ቫን ኤተን፣ ሃይድራ በምትባል ደቃቃ የውኃ እንስሳ ገላ ውስጥ ተዳብሎ የሚኖረውን ክሎሬላ የተባለ ዋቅላሚ ያጠኑ ነበር። እሷ ውስጥ ሳለ ጤነኛ ነው። ለይተው ሲያወጡት ግን በአንድ ቀን ውስጥ እየፈረሰ አለቀ፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት በቫይረስ ተሞልቷል። ይህንን በ1981 አሳተሙ። የሃይድራዋ ክሎሬላ ለብቻው አልራባ ስላላቸው ፓራሚሲየም ወደምትባለው ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረት ዞሩ። በ1983 ከእሷ የወጣውን ክሎሬላ ሳህን ላይ አበቀሉት፤ ቫይረስ ያረፈበት ቦታ ብል እንደበላው ጨርቅ ነጣ ነጣ ይል ጀመር። ቀዳዳውን መቁጠር ቫይረሱን መቁጠር ሆነ።

ቫይረሱ ታዲያ ግዙፍ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ የዘር ጽሑፍ 7,500 ያህል ፊደል ሲሆን የዚህኛው 331,000 ገደማ ነው፤ ከ400 በላይ ፕሮቲኖችን ያዛል። የክሎሬላውን ግድግዳ በኢንዛይም ቦርቡሮ ዲኤንኤውን ያስገባና የባለቤቱን ዲኤንኤ ይቆራርጣል። የራሱንስ? በግ አርቢ ጆሮ ላይ ምልክት እንደሚያደርግ፣ በራሱ ፊደላት ላይ የኬሚካል ምልክት ስላኖረበት መቀሱ አይነካውም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ ሕዋሱ ፈንድቶ 1,000 ያህል ቫይረስ ይበተናል። በ2000 ደግሞ ከጂኖቹ አንዱ 94 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላትን የፖታሲየም በር እንደሚሠራ ታወቀ። የእኛ ነርቭ የሚሠራበት ዓይነት በር፣ ያውም እጅግ ያነሰች!

ፓራሚሲየሟ በሕይወት እስካለች ቫይረሱ ክሎሬላዋ ዘንድ አይደርስም፤ ደጅ ይጠናል። ቫን ኤተንና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት፣ በር የሚከፍቱለት ደቃቅ ሸርጣን መሰል የውኃ እንስሳት ናቸው። ፓራሚሲየሟን ይበሏታል፤ ክሎሬላው ግን ሳይፈጭ በዓይነ ምድራቸው ይወጣል፤ ቫይረሱም ያኔ ያገኘዋል።