መጋጠሚያ ርቀት፦ የአነስተኛ ካሊበር ጠመንጃ «ዜሮ»

በጠመንጃ አተኳኮስ ሙያ «ዜሮ» የሚባለው፣ ተኳሹ በማነጣጠሪያው የሚያየው ነጥብና አረሩ የሚያርፍበት ነጥብ አንድ የሚሆኑበት ርቀት ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ልዩነት ስለማይኖር ቃሉ ከቁጥሩ ተወስዷል። በአማርኛ «መጋጠሚያ ርቀት» ቢባል ሐሳቡን በቅርብ ይገልጸዋል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ በእርግጥም የሁለት መስመሮች መጋጠም ነው። አንደኛው ከተኳሹ ዓይን ተነሥቶ በማነጣጠሪያው በኩል ወደ ዒላማው ቀጥ ብሎ የሚሄደው የእይታ መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው አረሩ ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በመሬት ስበት እየተሳበ የሚጓዝበት ጎባጣ መንገድ ነው። ማነጣጠሪያ መነጽር በተገጠመለት ጠመንጃ የእይታ መስመሩ ከአፈሙዙ በ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚጀምርና አፈሙዙም ወደ ላይ በጥቂቱ እንዲያዘነብል ተደርጎ ስለሚስተካከል፣ አረሩ በመጀመሪያ ከመስመሩ በታች ይነሣል፣ በቅርብ ርቀት መስመሩን አቋርጦ ከበላዩ ይወጣል፣ ቆይቶም ወደ ታች ሲመለስ ለሁለተኛ ጊዜ ያቋርጠዋል። በተለምዶ «ዜሮ» የሚባለው ይህ ሁለተኛው መጋጠሚያ ነው።

ቃሉ ሰብልና ከብት የሚያጠፉ ትናንሽ እንስሳትን ለመምታት ከተሠሩ አነስተኛ ካሊበር ጠመንጃዎች ጋርም በብዛት ይነሣል። ካሊበር የጥይቱ ወይም የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን፣ የእነዚህ ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ 5.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአሜሪካ የአይጥ ዘመድ የሆኑ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ዋና ዒላማቸው ናቸው፤ በኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ በአውዳሚነት የሚታወቁት ዝንጀሮ፣ ጃርት፣ ከርከሮና ጀርባው የጠቆረው ተራ ቀበሮ ይሆናሉ። በአማርኛ «ቀበሮ» የሚለው ስም በብርቅነቱ የሚጠበቀውን ቀይ ቀበሮንም ስለሚጠራ፣ ስለ አውዳሚ እንስሳ ሲጻፍ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

የድንበር ከተማ በሆነችው ሞያሌ የኬንያ ወገን፣ በማርሳቢት ካውንቲ በምትገኘው ማንያታ፣ እንዲህ ያሉ እንስሳትን መግደል በአደን ስም አይፈጸምም። ኬንያ የስፖርት አደንን እ.ኤ.አ. በ1977 የከለከለች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃና አስተዳደር ሕግ ደግሞ አስቸጋሪ እንስሳን የመቆጣጠሩን ሥራ ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት፣ የጠፋ ከብትና ሰብል ካሣን ለካውንቲ ኮሚቴዎች ይሰጣል። ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል አደን በፈቃድ የሚካሄድ ሲሆን፣ የዱር እንስሳቱን ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የመሣሪያውን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዙታል። አንድ ከተማ ለሁለት ሕግ በመከፈሉ፣ ከኬላው በስተሰሜን ፈቃድ ያለው ሰው የሚያደርገው በስተደቡብ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

የመጋጠሚያ ርቀትን ምንነት ለመረዳት ግን በዚያ ድንበር አካባቢ ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ክላሽንኮቭ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። የዚህ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ «3» በሚለው ቁጥር ላይ ሲቀመጥ መጋጠሚያው 300 ሜትር ላይ ይውላል፤ በፋብሪካው ደንብ መሠረትም በዚሁ አቀማመጥ በ100 ሜትር ላይ የሚተኮሰው ጥይት ከታለመው ነጥብ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ለወታደር ይህ ብልህ ምርጫ ነው፤ የሰው ደረትና ሆድ ቁመቱ ረዥም ስለሆነ፣ ወገቡ ላይ ያነጣጠረ ተኳሽ ርቀቱን ሳይገምት እስከ 300 ሜትር ድረስ ይመታል። ተራ ቀበሮ ግን ከትከሻው እስከ መሬት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የደረቱ ስፋት ከዚያ ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። ደረቱ መካከል ላይ አነጣጥሮ በ100 ወይም በ150 ሜትር የሚተኩስ ሰው ጥይቱን ከጀርባው በላይ ያሳልፈዋል፤ ጠመንጃው ጥፋት የለበትም፣ መጋጠሚያው ለሌላ ዒላማ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ርቀት የሚወስኑት የዒላማው ስፋትና ብዙ ጊዜ የሚተኮስበት ርቀት ናቸው፤ የጥይቱ ጉልበት ከእነርሱ ቀጥሎ ይመጣል።

ለምሳሌ .223 ረሚንግተን የሚባለው ጥይት 3.6 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 980 ሜትር አካባቢ ያስወነጭፋል። መጋጠሚያው 100 ሜትር ላይ ቢደረግ በ200 ሜትር ላይ አረሩ ከ8 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። 200 ሜትር ላይ ቢደረግ ደግሞ በ100 ሜትር ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር ትንሽ በልጦ ከፍ ይላል፣ በ300 ሜትር ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ተኳሹ መምታት የሚፈልገው የልብና የሳንባ ሥፍራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው ቢባል፣ በሁለተኛው ምርጫ ማነጣጠሪያውን ሳይነካ፣ ከፍታም ሳይገምት፣ ከአፈሙዙ ጀምሮ እስከ 230 ሜትር ገደማ ድረስ ሥፍራውን ያገኛል። ይህ «የቀጥታ ምት ርቀት» ሊባል የሚችለው ጽንሰ ሐሳብ የመጋጠሚያ ርቀት ምርጫ ሁሉ መሠረት ነው፤ ሥፍራው ከዚህ ሲጠብ፣ ለምሳሌ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ሲወርድ፣ መጋጠሚያውም ወደ አፈሙዙ መቅረብ ይኖርበታል።

ከዚህ በጣም የሚለየው .22 ሎንግ ራይፍል ነው። የዚህ ጥይት አረር ከድምፅ ፍጥነት ብዙም ስለማይርቅ መንገዱ ቶሎ ይጎብጣል፤ 50 ሜትር ላይ ከተጋጠመ ጠመንጃ የወጣ አረር በ100 ሜትር ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህን ጥይት 100 ሜትር ላይ ማጋጠም ደግሞ በመካከለኛው ርቀት አረሩን ከመጠን በላይ ከፍ ስለሚያደርገው ለጃርትና ለመሰል እንስሳ አይመከርም፤ 50 ሜትር ለዚህ ጥይት የተለመደ መጋጠሚያ የሆነውም ለዚህ ነው።

የማጋጠሙ ሥራ ራሱ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይቀመጣል፣ በመጀመሪያ በ25 ሜትር ይሞከራል፣ ከዚያም በተመረጠው ርቀት ሦስት ወይም አምስት ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ ይተኮሳል፤ ማነጣጠሪያው የሚስተካከለው በእነዚህ ምቶች መካከለኛ ሥፍራ እንጂ በአንዱ ምት አይደለም። በብዙ መነጽሮች ላይ የማስተካከያው ቁልፍ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል ምቱ በ100 ሜትር ላይ 0.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በሌሎቹ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ይዛወራል። ሞያሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ስላላት አየሩ ከባሕር ዳርቻው በጥቂቱ ይሳሳል፣ አረሩም በጥቂቱ ያነሰ ተቃውሞ ያገጥመዋል፤ በ200 ሜትር ላይ ግን ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። ከቁም ነገር የሚገባው የጥይት ለውጥ ነው፦ ክብደቱ ወይም ሥሪቱ የተለየ ጥይት ከዚያው ጠመንጃ ወደ ሌላ ሥፍራ ሊሄድ ስለሚችል፣ የጥይት ዓይነት በተቀየረ ቁጥር፣ ጠመንጃው ከወደቀ ወይም መነጽሩ ከተነቀለ በኋላም፣ መጋጠሚያው በወረቀት ዒላማ ላይ እንደገና መፈተሽ አለበት።