ዜና በሽታ ዘኅዳር

በ1911 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ሳሉ፣ የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ወሎም ንጉሥ ሚካኤል ከተማረኩበት ወዲህ ልቡ ገና ሳይረጋ፣ ወርኃ ኅዳር ገባ። ኅዳር 2 ቀን በአውሮፓ አራት ዓመት ያጓራው መድፍ ዝም አለ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ነጋሪት ያላስጎሰመ፣ ድንኳን ያልተከለ ሌላ ጠላት ገባባት። ሕዝቡም በወሩ ስም የኅዳር በሽታ አለው።

ጠዋት በደኅና የወጣ ማታ በትኩሳት ተጋደመ፤ ደም የቀላቀለ አክታ ተፋ። መቃብር ቆፋሪ ጠፋ፤ ቄስም ቀባሪም አብረው ታመሙ። በከተማይቱ ወደ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ በዓለም ሁሉ ግን ሟቹ ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋል ይላሉ። አልጋ ወራሹም ታመሙ፤ እግዚአብሔርም ማራቸውና ተነሡ። ከሁሉ የሚያስደንቀው በሽታው ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውንም እየመረጠ መጣሉ ነው።

የጥንት ጸሐፌ ትእዛዞች የንጉሥን ዘመቻ፣ የመኳንንቱን ሹመትና ሽረት ጽፈው አቆዩልን። እኔ በጃማ ምድር በደጎሎ ተቀምጬ የምጽፈው ግን በዚያ ኅዳር ታመው ከተነሡት በእያንዳንዳቸው ጉሮሮ ውስጥ ስለ ተዋጋው ሠራዊት ነው። ሹም አልነበረውም፤ ደመወዝም አልተቆረጠለትም።

ሰፈሩ ከአፍንጫ ጀምሮ እስከ ሳምባ ጓዳ ይደርሳል። የመተንፈሻውን ቱቦ ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ቅጥር ቆመዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በራሳቸው ላይ እያንዳንዳቸው ወደ 200 የሚደርሱ ረቂቅ ፀጉሮች አሏቸው። ፀጉሮቹም በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ በላያቸው የተነጠፈውን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሰውም ሳያውቀው ውጦ ወደ ጨጓራ ይሰደዋል። አቧራውም ጀርሙም በዚያ ይጠፋል። ንፍጥ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የኅዳርን በሽታ ያመጣው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጨብጠው ስኳር በንፍጡም ላይ ስላለ፣ ብዙው ቫይረስ በሩ ላይ ሳይደርስ በዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ጠላትም ይህን ያውቃልና ስኳሩን የሚቆርጥ መቁረጫ ይዞ ይመጣል።

ቅጥሩን ያለፈው ቫይረስ ከሕዋሱ ውስጥ ገብቶ አር ኤን ኤ የሚባለውን ጽሑፉን ያወጣና ያስገለብጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ይረቃል። ሕዋሱ የራሱን የአር ኤን ኤ መልእክት ሲያወጣ ጫፉን ያትመዋል፤ የቫይረሱ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ጫፉ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሪግ-አይ የተባለ ፕሮቲን ይህን ማኅተም የለሽ ጫፍ ዳስሶ ባዕድ መሆኑን ያውቃል። የጃፓን ሊቃውንት የዚህን ጠባቂ ሥራ የገለጹት በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ቀድሞ ግን በ1957 እ.ኤ.አ. አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ሰዎች በለንደን፣ በዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ ሲመረምሩ፣ በቫይረስ የተነካ ሕዋስ ሌላውን የሚያድን ነገር እንደሚያፈልቅ አገኙ፤ ስሙንም ኢንተርፌሮን አሉት።

ኢንተርፌሮን የተነካው ሕዋስ የሚያሰማው አዋጅ ነው። አዋጁ የደረሰው ጎረቤት በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖቹን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ የቫይረሱን መግቢያ ይዘጋል፣ አንዱ ጽሑፉን ይቆራርጣል፣ አንዱ ፕሮቲን መሥራቱን ጭራሽ ያስቆማል። አዋጁን የነገረው ሕዋስ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ አይተርፍም፤ ቫይረሱ እንዳይራባበት ራሱን አፍርሶ ይሞታል። የነጭ ደም ሕዋሳት ጦር የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለጠላቱ ተለይተው የሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ግን ቀናት ይፈልጋሉ። እስከዚያው ድረስ ደጁን የሚይዙት እነዚሁ የቱቦ ሕዋሳት ናቸው።

ታዲያ በ1911 ስለ ምን ያ ሁሉ ሰው አለቀ? ሊቃውንት የዚያን ቫይረስ ጽሑፍ በአላስካ በረዶ ውስጥ ከተቀበረች ሴት ሳምባና ከአሜሪካ ወታደሮች ቅሪት ለቅመው በ2005 እ.ኤ.አ. መልሰው ሠሩት። ኤን ኤስ-1 የተባለው ፕሮቲኑ የኢንተርፌሮንን አዋጅ በማፈን ብርቱ ሆኖ ተገኘ። ፀጉራሞቹ ሕዋሳት ሲረግፉም ጠራጊ ታጣ፤ በጉሮሮ የሰፈረው ባክቴሪያ ወደ ሳምባ ወረደ። ከሞቱት የሚበዙትን የጣለው ይህ ሁለተኛው የሳምባ ምች ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1928 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሐኪም ቢኖርም እጁ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰው ቆሻሻ ጠርጎ በየደጁ ያነዳል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። መጥረጉን አመሰግናለሁ። ጭሱን ግን አልወድም፤ የጉሮሮን ረቂቅ ፀጉሮች ከሚያደክም ነገር አንዱ ጭስ ነውና። በእኛ ደጋ ኩበትና እንጨት በተዘጋ ቤት ሲነድ ከምድጃው ዳር የምትውለው እናትና ያዘለችው ሕፃን ከመታመማቸው በፊት ጠባቂዎቻቸው ደክመዋል። የቤቱ ጣሪያ የጭስ መውጫ ቢከፈትለት ከኅዳር እሳት የበለጠ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ብርዱም ቢሆን እንዲያው የሚወቀስ አይደለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ የአይጥ የመተንፈሻ ሕዋሳትን የመረመሩ ሰዎች፣ በአፍንጫ ቅዝቃዜ መጠን በ33 ዲግሪ የኢንተርፌሮኑ አዋጅ ከ37 ዲግሪው እንደሚደክምና የጉንፋን ቫይረስ እንደሚበረታ አይተዋል። ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም በነሐሴ ጭጋግ የሚሄድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ቢከናነብ ትክክል ነው።

ከዚህም በኋላ በ2012 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት 4 ቀን የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በርና ቁልፉ ሌላ ነበር፤ ጦርነቱ ግን በዚያው ሰፈር፣ ከአፍንጫ ጀምሮ ተደረገ። ይህም ቫይረስ አዋጁን ማዘግየት ያውቅበታል። በዚያው ዘመን በልዩ ልዩ አገር በጽኑ የታመሙትን የመረመሩ ሊቃውንት ከአሥሩ አንዱ ያህል ሕመምተኛ የገዛ ሰውነቱ ኢንተርፌሮኑን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል እንደሠራ አገኙ። አዋጅ ነጋሪው በገዛ ወገኑ ተይዞበት ነበር ማለት ነው።

በዓመቱ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባቱ በአገራችን መሰጠት ተጀመረ። በክንድ የሚወጋው ክትባት በደም ውስጥ ያለውን ጦር እጅግ ያጠነክራል፤ በአፍንጫ ደጃፍ የሚያቆመው ዘብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የተከተበው ሰው ደግሞ ቢታመምም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ሳምባው ድረስ አይዘልቅም። በአፍንጫ የሚሰጥ የተሻለ ክትባት ለመሥራትም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይደክማሉ።