ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፦ ለገበሬው ዘር በዓለም መድረክ የተሟገቱ ሳይንቲስት

ገበሬ ከአዝመራው ምርጥ ምርጡን ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፤ ዘር ያነሰው ከጎረቤቱ ይበደራል፤ የተሻለ ዝርያ ያየም ገዝቶ ወይም በእህል ለውጦ ይወስዳል። ለዘመናት የማንም ፈቃድ ያላስፈለገው ይህ ልማድ፣ ዘር በፓተንት የኩባንያ ንብረት ሊሆን በሚችልበት ዘመን የሕግ ከለላ ያስፈልገዋል ብለው ከተከራከሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ትምህርትና ምርምር

ዶክተር ተወልደብርሃን በ1932 ዓ.ም በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በብሪታንያ፣ በዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሥነ ምኅዳር አጥንተው በ1969 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበት የብሔራዊ ሄርባሪየም ኃላፊ ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1991 የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የአገሪቱን ዕፅዋት አንድ በአንድ መዝግቦ በስምንት ቅጽ ያሳተመውን የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በመሪነት አገልግለዋል። ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስም የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ከመጻሕፍቱ አዘጋጆች አንዷ ነበሩ።

ከካርታኼና እስከ ሞንትሪያል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቤተ ሙከራ ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎች በዓለም ገበያ መሰራጨት ሲጀምሩ፣ አገሮች እነዚህን ሰብሎች የመቀበል ወይም ያለመቀበል መብት ይኑራቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን በድርድሩ የአፍሪካ አገሮች ዋና ተደራዳሪ፣ የአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ስብስብም ቃል አቀባይ ሆኑ። በሌላው ወገን አሜሪካን፣ ካናዳን፣ አውስትራሊያንና አርጀንቲናን ጨምሮ ስድስት እህል ላኪ አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ንግድን ያደናቅፋል ሲሉ ተከራከሩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በኮሎምቢያዋ ካርታኼና ከተማ የተካሄደው ጉባኤ ያለ ስምምነት ተበተነ። ድርድሩ ግን ቀጥሎ፣ በጥር 2000 በካናዳዋ ሞንትሪያል የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ በመስከረም 2003ም ሥራ ላይ ዋለ።

በፕሮቶኮሉ መሠረት ልውጥ ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ አገር ገብቶ ከመዘራቱ በፊት፣ ላኪው አስቀድሞ ማሳወቅና የተቀባዩን አገር ፈቃድ ማግኘት አለበት። ስለሚያስከትለው ጉዳት ሳይንሳዊ እርግጠኝነት ባይኖር እንኳ፣ ተቀባዩ አገር ለጥንቃቄ ሲል ዘሩን መከልከል ይችላል። የአፍሪካ ተደራዳሪዎች አጥብቀው የያዙት ነጥብም ይኸው የጥንቃቄ መርህ ነበር።

ከጉባኤ ወደ ማሳ

የዶክተር ተወልደብርሃን ሥራ በጉባኤ አዳራሽ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባለቤታቸው ጋር ባቋቋሙት የዘላቂ ልማት ተቋም አማካይነት፣ መሬታቸው በተራቆተ የትግራይ ቀበሌዎች ከገበሬዎችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሥራ ተጀመረ። እርከን ተሠራ፤ ልቅ ግጦሽ በማኅበረሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ተገደበ፤ ገበሬውም አረም፣ ገለባ፣ እበትና አመድ በጉድጓድ አብላልቶ ኮምፖስት ማዘጋጀት ተማረ።

በማሳዎቹ ላይ የተካሄደው ልኬት እንዳሳየው፣ ኮምፖስት የተጨመረበት መሬት ምንም ካልተጨመረበት በእጅጉ የላቀ፣ በአብዛኛውም ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ኮምፖስት አፈሩ እርጥበት እንዲይዝ ያደርጋል፤ ጥቅሙም ከአንድ ዓመት በላይ ይዘልቃል። የፋብሪካ ማዳበሪያ ግን በየዓመቱ ይገዛል፤ ዝናብ ከቀረም ዕዳው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይቀራል።

ሕግና ክርክር

ባለሥልጣኑን በመሩባቸው ዓመታት ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና ስለ ብክለት ቁጥጥር አዋጆች ወጡ። ማኅበረሰቡ በዘሩና በዕውቀቱ ላይ ያለውን መብት የሚያውቀው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣውም በዚያው ዘመን ነው።

ልውጥ ሕያዋንን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 655/2001 ግን ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሕጉ ምርምርን ያግዳል ሲሉ ተቹት፤ በአዋጅ ቁጥር 896/2007ም ተሻሽሎ ላላ። ከዚያ በኋላ ነፍሳትን እንዲቋቋም ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ በአገሪቱ እንዲመረት ተፈቀደ። ዶክተር ተወልደብርሃን በበኩላቸው፣ የዘር ባለቤትነት ከገበሬው እጅ ከወጣ የአገር የምግብ ሉዓላዊነትም አብሮ ይወጣል የሚለውን አቋማቸውን አልለወጡም።

እ.ኤ.አ. በ2000 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምን የምድር ሻምፒዮን ሽልማት ተቀብለዋል። መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም በ83 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያነሡት ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ ይጠብቃል፦ ገበሬው በጎተራው ያኖረውን ዘር በነጻነት ዘርቶ ለልጁ ማውረስ የሚችለው እስከ መቼ ነው?