ከአፈር እስከ ገበታ፦ የከብት መኖ፣ ኮባልትና የሥጋ ምግብነት

እንደሚታወቀው በአገራችን የሰንጋ ደግነት የሚመዘነው በጮማው ብዛትና በሚያነሣው ኪሎ ነው። እኛም የሙያው ሰዎች ስለ ማድለብ ስንጽፍ በአብዛኛው የምንመዘግበው በሬው በቀን ስንት ግራም እንደ ጨመረ ነው። የበላው መኖ ሥጋውን ለሚመገበው ሰው ምን አስቀመጠለት የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ጎን ይተዋል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ታሪክ በተለይ በአንድ ንጥረ ነገር፣ በኮባልት፣ በኩል ለመመልከት የተዘጋጀ ነው። ምክንያቱም አፈር፣ መኖ፣ ከብትና ሰው በአንድ ሰንሰለት መያያዛቸው የዚህን ያህል ጥርት ብሎ የታየበት ምሳሌ ጥቂት ስለሆነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኒውዚላንድ ነው። በሰሜኑ ደሴት መካከል ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ የሸፈነው ሰፊ አምባ አለ። ሰፋሪዎች ደኑን እየመነጠሩ ሣር ዘሩበት፤ ሣሩም ለመለመ። ከብቱና በጉ ግን በለምለሙ መስክ መካከል ቆሞ ምግብ እየጠላ፣ እየከሳና ደሙ እያነሰ ያልቅ ጀመር። በሽታውን «የጫካ በሽታ» አሉት። አርቢዎቹ አንድ ነገር በልምድ ደርሰውበት ነበር፤ ይኸውም የታመመውን ከብት ወደ ሌላ መሬት ያዛወሩት እንደ ሆነ ይድናል። በርናርድ አስተን የተባለው የመንግሥት ኬሚስት የእንስሳቱን ደም ማነስ ተመልክቶ የጎደላቸው ብረት ነው ሲል ደመደመ። ሊሞናይት የተባለውን ብረት ያዘለ ማዕድን በተሰጣቸው ጊዜም ብዙዎቹ አገገሙ። መድኃኒቱ ሠራ፤ የተሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት ነበር። በሙያችን ታሪክ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የሠራ መድኃኒትም የተሳሳተውን አሳብ ለብዙ ዓመታት ከጥያቄ ይጠብቀዋል።

ጥያቄውን ያነሡት በምዕራብ አውስትራልያ ኤሪክ አንደርውድና የእንስሳት ሐኪሙ ፊልመር ናቸው። እነርሱ የሚመረምሩት በዚያው ግዛት ዴንማርክ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ከብቱን የሚያመነምን ተመሳሳይ በሽታ ነበር። ለመዳን የሚያስፈልገው ሊሞናይት በውስጡ የሚገኘው ብረት የእንስሳው ሰውነት ከሚፈልገው እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኙት፣ ብረቱን ከማዕድኑ ለይተው አውጥተው የቀረውን ለበጎች ሰጡ። በጎቹ እንደ ቀድሞው ዳኑ። የቀረውንም ደረጃ በደረጃ እየከፋፈሉ ፈትነው በ1935 ኮባልት ላይ ደረሱ። በዚያው ዓመት በደቡብ አውስትራልያ ማርስተንና ላይንስ «የባሕር ጠረፍ በሽታ» ይባል በነበረው ላይ ሲሠሩ ከዚሁ ውጤት ደረሱ። የሚያስፈልገው መጠን እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ለአንድ በግ በቀን ከአንድ ሚሊግራም አንድ ዐሥረኛው ይበቃል። አንድ ግራም ኮባልት እንግዲህ ዐሥር ሺህ በጎችን አንድ ቀን ያውላል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ኮባልቱ በአፍ ሲሰጥ እንስሳውን ያድናል፤ በመርፌ ሲሰጥ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። በደም ውስጥ የማይሠራው በጨጓራ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ ኮባልቱን የሚፈልገው በጉ ራሱ ሳይሆን በጨጓራው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር መሆን አለበት።

መልሱ የመጣው የበግ በረት አይተው ከማያውቁ ሰዎች ነው። በቦስተን ከተማ ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች በ1926 እንዳስታወቁት፣ እስከዚያ ጊዜ ገዳይ የነበረው አንድ ዐይነት የደም ማነስ የያዛቸው ሕሙማን በየቀኑ ብዙ ጉበት ሲመገቡ ደማቸው ተመለሰ። ለዚህም ሥራ ቀደም ሲል በውሾች ላይ ከመረመረው ከዊፕል ጋር በ1934 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የሕሙማኑ ችግር የምግብ እጦት አልነበረም፤ ጨጓራቸው ንጥረ ነገሩን ለመቀበል የሚያስፈልገውን ረዳት ማመንጨት ስላቆመ ነው። ይሁንና በጉበት ውስጥ ያለው ብዛት ጉድለቱን ሊሸፍን ችሏል። ያ በጉበት ውስጥ የተሸሸገው ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ኬሚስቶችን 22 ዓመት አደከመ። በ1948 በአሜሪካ መርክ፣ በእንግሊዝም ግላክሶ የተባሉት የመድኃኒት ድርጅቶች ተመራማሪዎች ቀይ ክሪስታል አድርገው ለዩት፤ ስሙም ቪታሚን ቢ12 ተባለ። ክሪስታሉ ሲመረመር ከክብደቱ አራት በመቶ ያህሉ ኮባልት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። በ1951 በኮባልት እጦት የታመሙ በጎች ቢ12 በመርፌ ሲሰጣቸው ዳኑ፤ ኮባልቱ ብቻውን በመርፌ ያላደረገውን ቪታሚኑ አደረገው። ዶሮቲ ሆጅኪንም በ1956 የቪታሚኑን ውስብስብ አሠራር በራጅ ጨረር ገልጣ አሳየች፤ በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይህ ነው። ሣር ቢ12 የለውም፤ የበሬውም ሆነ የሰው ሰውነት ሊሠራው አይችልም። የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከሣሩ የሚመጣላቸውን ኮባልት ይሻሉ። የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ የእነዚህ ተሕዋስያን ማሳ ነው። በሰው አንጀትም ቢ12 የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚገኙት ቪታሚኑ ወደ ደም ከሚገባበት ቦታ በታች በመሆኑ የሠሩት አይጠቅመንም። በሬው ግን ማሳውን ከአንጀቱ በፊት አስቀምጦታል። ከዚያ የተገኘው በጉበቱ ይከማቻል፤ በ100 ግራም የበሬ ጉበት 60 ማይክሮግራም ገደማ ሲገኝ፣ በቀይ ሥጋው ውስጥ ያለው 2 ያህል ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው። አፈሩ ኮባልት ካነሰው የከብቱ ጉበት ቢ12 ይቀንሳል፤ ይህም ለእንስሳት ሐኪም የበሽታው መለያ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የጾሙን ሥርዓት የሚጠብቅ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 እስከ 250 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባል፤ ከድኻው ወገን የሆነው ደግሞ በፍስኩም ቀን ሥጋ የሚያየው በዓል ሲሆን ነው። ጤናማ ሰው ቢ12ን በጉበቱ ለብዙ ጊዜ ሊያከማች ስለሚችል ጾሙ በራሱ በሽታ አያመጣም። ነገር ግን ማከማቻው የሚሞላው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት የሚበላው ሥጋ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ጉበት የሚገባበት ዱለት ከጮማው ቁርጥ ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ በገበያ ያለው የክብር ደረጃ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጨጓራው የሚጨምር ብቻ ሳይሆን የሚቀንስም ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ሃይድሮጂን ያልጠገበ ቅባት ነው። ፋጉሎ የበላ በሬ ጮማ ግን እንደ ኑግ ዘይት የላላ አይሆንም። የጨጓራ ተሕዋስያን እንዲህ ያሉትን ቅባቶች ሃይድሮጂን እያጠገቡ እንደሚያረጓቸው በ1951 ታውቋል። በ1970 የአውስትራልያ ተመራማሪዎች የቅባት እህልን በፎርማሊን በታከመ ፕሮቲን ሸፍነው ከተሕዋስያኑ በማሳለፍ በወተቱ ቅባት ውስጥ ያለውን ሊኖሌይክ አሲድ ከጥቂት በመቶ ወደ 20 እና 30 በመቶ ከፍ አደረጉ። ዘዴው አስደናቂ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቅባት ቶሎ ይሻግታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1968፣ በካምፓላ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ክሮፎርድ የኡጋንዳን የዱር ጎሽ ሥጋ ከቤት ከብት ሥጋ ጋር አስተያይቶ፣ የጎሹ ቅባት ትንሽ ሆኖ ያልጠገቡት ቅባቶች ድርሻ ግን የሚበልጥ መሆኑን ጽፏል። በእኔ አስተያየት ከልዩነቱ ብዙው የመጣው ከሣሩ ዐይነት ሳይሆን ጎሹ ካለመድለቡ ነው፤ የከሳ ሥጋ ቅባቱ በሴሎቹ ሽፋን ውስጥ ያለው ነውና። እርጥብ ሣር የበላ ከብት ጮማ በካሮቲን ቢጫ ይሆናል፤ ቪታሚን ኢም ይበዛበታል። በብዙ አገር ገበያ ግን ገዢው ቢጫውን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል።

የእኛ አርቢ ከብቱን ወደ ሆራ ሲነዳ ወይም አሞሌ ሲያልስ ስለ ኮባልት ያውቅ ነበር ማለት አይቻልም። ከሣሩ ብቻ የማይገኝ ነገር እንዳለ ግን ያውቅ ነበር፤ የኒውዚላንድ አርቢም ከዚህ የሚበልጥ አላወቀም። ዛሬ በከተሞች ዙሪያ የሚደልበው ሰንጋ ከሆራውም ከግጦሹም ርቆ በአተላ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ይኖራል። እህል የበዛበት መኖ በጨጓራ ውስጥ የሚሠራውን እውነተኛ ቢ12 እንደሚቀንስና ቪታሚኑን መስለው ግን የማይሠሩ ውሕዶችን እንደሚያበዛ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። አተላውና ፉርሽካው በዚህ ረገድ ከእህል ይቁጠሩ ወይስ ከገለባ የሚለውን ለመወሰን ከቄራ ጥቂት የጉበት ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሥራው ከአንድ የእንስሳት ሐኪምና ከአንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ትብብር የሚያልፍ አይደለም። የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ብዙውን ጊዜ ሥጋውን በብልትና በስብ መጠን እንጂ በበላው መኖ አይለዩም። ከማሽላ ማሳ እየሳሳ በሚነቀል ቡቃያ በእጅ የተቀለበው የሐረር ሰንጋ፣ ከሆራ የተመለሰው የቦረና ወይፈንና በአተላ የደለበው የከተማ በሬ በአንድ መሥመር ተጽፈዋል።