ቋንቋው ቀደመ፤ ተናጋሪው ተከተለ

በልጅነታችን ታላላቆቻችን እንዳይሰሙን ብለን የወፍ ቋንቋ ያልተነጋገርን ጥቂቶች ነን። በእንግሊዝ አገርም እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበረ፤ ጨዋታውን እስከ ሞቱ ድረስ ያልተወው ግን ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው።

ቶልኪን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ ተወልዶ በእንግሊዝ አደገ። ዘመዶቹ የሆኑ ልጆች ከእንስሳትና ከወፎች ስም የፈጠሩት ቋንቋ ነበራቸው፤ በዚያ ቋንቋ «አህያ» ማለት አርባ ነው። እርሱም ተማረው። በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ የፊንላንድን ቋንቋ ሰዋስው አገኘና ድምፁ ስለ ማረከው፣ በዚያ ጣዕም ክዌንያ የሚባል የራሱን ቋንቋ ይሠራ ጀመር። ኋላም ሲንዳሪን የተባለውን በዌልስ ቋንቋ አምሳል አበጀ።

ነገር ግን ቃል የሚለወጠው ሕዝብ ሲሰደድና ሲለያይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንዲት እናት ተወልደው ለምን እንደ ተራራቁ ለማስረዳት ተናጋሪ ሕዝብ፣ አገርና የስደት ታሪክ አስፈለገው። በ1916 ዓ.ም. በሶም ጦርነት ተሰልፎ ታሞ ተመለሰ፤ ከቅርብ ጓደኞቹም ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞቱ። የወደቀችውን ከተማ ታሪክ የጻፈው ከዚህ በኋላ፣ ገና ሳይድን ነው።

ብዙ ሰው ቋንቋዎቹ በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ለታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ጌጥ ሆነው የተሠሩ ይመስለዋል። ቶልኪን ራሱ የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። እኔ የምነቅፈው አንድ ነገር አለ፤ በ1973 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሰዋስዉን ማሻሻል አልተወም። ዛሬ ክዌንያን መማር የሚሻ ሰው የትኛውን ዘመን ሰዋስው እንደሚከተል አስቀድሞ መምረጥ አለበት።