የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ፓካርድ ዜና

በስመ ሥላሴ። ባሎቻቸው በእብዶች ቤት ላስዘጓቸው ሴቶች ጠበቃ የሆኑት የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ፓካርድ ዜና ይህ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 ቴዎፍሎስ የሚባል የካልቪን ትምህርት ሰባኪ አገባቸው፤ ስድስት ልጆችም ወለዱለት። በወጣትነታቸው በዎርሴስተር የአእምሮ ሕሙማን ቤት ስለመቆየታቸው የሚያወሩ አሉ፤ ያ የአባታቸው ሥራ ነውና አለፍነው።

በኢሊኖይ፣ ማንቲኖ በምትባል መንደር ሲኖሩ፣ ሰው ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ርኩስ ነው የሚለውን የባላቸውን ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ ጉባኤ ተቃወሙ። እርሱም መልስ ቢያጣ እብድ ናት አለ። በ1851 የወጣው የኢሊኖይ ሕግ ከሌላው ሰው የእብደት ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ባለትዳርን ሴት ግን በባሏ ጥያቄና በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ሹም ፈቃድ ብቻ ያስገባ ነበር።

ጁን 18 ቀን 1860 ጠዋት፣ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲሉ፣ ባልየው መስኮቱን በመጥረቢያ ሰብሮ ገባ። አብረውት የመጡት ሁለት ሐኪሞች አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ የደም ሥራቸውን ዳስሰው እብድ ናቸው አሉ። ይህን ጥበብ ከየት እንደተማሩት አልተጻፈም። ወይዘሮዋም በእግሬ አልሄድም ቢሉ ተሸክመው ወደ ባቡር ወሰዷቸው።

በጃክሰንቪል ሆስፒታል ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ለሹሙ ለማክፋርላንድ ጻፉት ስለሚባለው ደብዳቤ መናገር ለዚህ መጽሐፍ አይገባም።

በ1863 ቢወጡም ባልየው በልጆቹ ክፍል ቆልፎባቸው መስኮቱን በሚስማር መታባቸው። የተዘጋን የሚከፍት ግን እግዚአብሔር ነው፤ በመስኮቱ ስንጥቅ ለአንድ መንገደኛ ያቀበሉት ወረቀት ወዳጆቻቸው ዘንድ ደረሰ፣ ዳኛ ስታርም ወደ ችሎት አምጧት ብሎ አዘዘ።

በጃንዋሪ 1864 የካንካኪ ፍርድ ቤት በሴቶች ሞላ። የባልየው ምስክሮች፣ ከእምነቱ መውጣቷ እብደት ነው አሉ። ሐኪምም የሃይማኖት ሊቅም የነበረው ዳንካንሰን ግን፣ ሦስት ሰዓት እንዳነጋገራቸው፣ በብዙ ነገር እንደማይስማማቸው፣ ስላልተስማሙት ብቻ ሰውን እብድ እንደማይል መሰከረ። ከዚህ በኋላ ዳኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ገብተው በሰባት ደቂቃ ተመለሱ፤ ጤነኛ ናቸው አሉ። እልልታው አዳራሹን አናወጠው፤ ሴቶቹ መሐረባቸውን እያውለበለቡ ከበቧቸው። በዚያ ሰዓት ባልየው ፍርዱን ሳይጠብቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ ሸሽቶ ነበር። ወይዘሮዋ ቤታቸው ቢደርሱ ሌላ ሰው ተከራይቶት አገኙት።

መጽሐፍ ጽፈው እየሸጡ በየሕግ አውጪው ደጅ ቆሙ። በ1867 የኢሊኖይ ምክር ቤት፣ ማንም ሰው ያለ ችሎት እንዳይዘጋ ደነገገ። በ1869 ልጆቻቸው ተመለሱላቸው። ከባላቸው ጋር በሕግ አልተፋቱም፤ በአንድ ጣራ ሥርም ዳግመኛ አልኖሩም።