ነዋሪ የሌለው የምርጫ ክልል፤ የኦልድ ሳረም ታሪክ

በእንግሊዝ አገር በዊልትሺር አውራጃ፣ ከሳልዝበሪ ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በክብ የዐፈር ካብና በጥልቅ ጕድባ የተከበበ አንድ ኰረብታ ይገኛል። ስሙ ኦልድ ሳረም ይባላል፤ ትርጓሜውም አሮጌው ሳረም ማለት ነው። ይህ ስፍራ እስከ 1832 ዓ.ም. (ከአንዱ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ድረስ ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ፓርላማ ሲልክ ኖሯል። በመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት ግን በኰረብታው ላይ የሚቀመጥ መራጭ አልነበረም። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይጠቀሳል። ዳሩ ግን የኦልድ ሳረም ምርጫ በማጭበርበር የቆመ ሳይሆን በሕግ የቆመ ምርጫ ነበርና ከቀልድ ይልቅ ምርመራ ይገባዋል።

ቦታው ከጥንት ጀምሮ ባዶ አልነበረም። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በኰረብታው ላይ ግንብና ካቴድራል ሠርተውበታል። ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 ዓ.ም. የአገሩን ባለመሬቶች ሰብስቦ የታማኝነት መሐላ ያስማላቸው በዚሁ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ውሃው አነሰ፣ ነፋሱ በረታ፣ ካህናቱም ከግንቡ ወታደሮች ጋራ ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ ጳጳሱ ሪቻርድ ፑር በ1220 ዓ.ም. የአዲሱን ካቴድራል መሠረት ከታች በሜዳው ላይ አስጣለ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ጳጳሱን ተከትሎ ወረደ፤ የአሮጌው ካቴድራል ድንጋይ እንኳ ሳይቀር ለአዲሱ ቅጥር ተወሰደ። ከኰረብታው ያልወረደው የመምረጥ መብት ብቻ ነው። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1295 ዓ.ም. ፓርላማ ሲጠራ አሮጌው ሳረምም አዲሱ ሳልዝበሪም እያንዳንዳቸው ተጠሩ፤ ከዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላም አሮጌው ያለማቋረጥ እንደራሴዎቹን ላከ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፣ መልሱ በመሬቱ ሥርዐት ውስጥ ይገኛል። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች የመራጭነት ደንብ አንድ ዐይነት አልነበረም። በአንዳንዱ ከተማ ግብር ከፋዩ ሁሉ፣ በሌላው የከተማው ሹማምንት ብቻ ይመርጡ ነበር። በኦልድ ሳረም ግን መብቱ የተያያዘው በርጌጅ ከሚባል ከጥንቱ የከተማ ቦታ ጋራ ነው። ቤቱ ቢፈርስ፣ ባለቤቱም በሌላ አገር ቢኖር፣ ቦታው ድምፁን አያጣም። የኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩን ከርስት ጋራ ሊያመሳስለው ይችል ይሆናል፤ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው የአባቱ ርስት እንደማይጠፋበት ያውቃልና። ነገር ግን ልዩነቱ ብርቱ ነው። በጎንደርና በጎጃም ርስት የትውልድ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን እንደ ዕቃ አውጥቶ አይሸጠውም ነበር፤ የበርጌጅ ቦታ ግን በገንዘብ ይገዛል፣ ከነድምፁም ይሸጣል።

የገዛውም ቶማስ ፒት ነው። ይህ ሰው በሕንድ ንግድ የበለጸገ፣ ኋላም ከ1698 እስከ 1709 ዓ.ም. የማድራስ ገዥ የነበረ፣ አንድ ትልቅ አልማዝ ለፈረንሳይ መንግሥት በመሸጡም ስሙ የተጠራ ነው። ኦልድ ሳረምን በ1691 ዓ.ም. ከሳልዝበሪ መስፍን ቤት ገዛው፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው የቤተ ሰቡ ጕዳይ ሆነ ማለት ይቻላል። ምርጫ በደረሰ ጊዜ የመሬቱ ጌታ ለታመኑ ሰዎች የቦታዎቹን ውል ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በዚያ ውል ባለቦታ ሆነው ጌታው የፈለገውን ሰው ይመርጡና ውሉን መልሰው ያስረክባሉ። ምርጫውን የሚያስፈጽመውም የጌታው ሹም ነው። ቤት ስላልነበረ ሥርዐቱ የሚፈጸመው በሜዳ ላይ፣ ኤልም በሚባል ዛፍ ሥር ነበር። ከዋርካ ሥር ሸንጎ የተቀመጠ ሽማግሌ ይህን ቢያይ ዛፉን ያውቀው ነበር፤ ሸንጎውን ግን ፈልጎ አያገኘውም።

የቶማስ ፒት የልጅ ልጅ የሆነው ታላቁ ዊልያም ፒት በ1735 ዓ.ም. ወደ ምክር ቤት የገባው ታላቅ ወንድሙ በሰጠው በዚህ ወንበር ነው፤ እስከ 1747 ዓ.ም. ድረስም ተቀምጦበታል። ይኸው ሰው በ1766 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ተነሥቶ የእንዲህ ያሉትን ክልሎች ውክልና የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል ነው አለው፤ መቶ ዓመትም እንደማይቈይ ተናገረ። ግብዝነት ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ሆኖም ያለዚያ በር እንደ እርሱ ያለ ርስት የሌለው ታናሽ ልጅ በዚያ ዕድሜው ምክር ቤት መግባቱ ያጠራጥራል። የአሮጌው ሥርዐት ጠበቆችም የሚያቀርቡት አንዱ ክርክር ይኸው ነበር። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ዳሩ ግን የሚያስረዳው ጌታው መልካም ሰው ሲመርጥ ያለውን ብቻ ነው።

ሌላ ሲመርጥ የሆነውም አለ። በ1801 ዓ.ም. ሎርድ ካሜልፎርድ የተባለው የፒት ዘር፣ ጆን ሆርን ቱክን ለኦልድ ሳረም አስመረጠው። ቱክ ለመንግሥት የማይመች፣ ክህነትም የተቀበለ ሰው ነበርና፣ በዚያው ዓመት ካህን በእንደራሴነት እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ የተሻረው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ2001 ዓ.ም. ነው። የአንድ ሰው ፈቃድ በአንድ ባዶ ኰረብታ በኩል እስከዚህ ይደርስ ነበር።

በ1802 ዓ.ም. ካሜልፎርድ ቦታውን ለካሌዶን መስፍን ሸጠው። ዋጋው 60,000 ፓውንድ ነበር ይባላል፤ የመሬቱ የዓመት ገቢ ግን ከ700 ፓውንድ የሚበልጥ አልነበረም። የቀረው ዋጋ የሁለቱ ወንበሮች ዋጋ መሆኑ ግልጽ ነው። ወንበሩ ንብረት ነው የሚለው አሳብ የገዥዎች ብቻ አልነበረም፤ ሥርዐቱን ለማሻሻል የተነሡትም ይጋሩት ነበር። ታናሹ ዊልያም ፒት በ1785 ዓ.ም. 36 ክልሎችን በፈቃዳቸው ለማስቀረት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ እንዲመደብ አሳስቦ በ248 ድምፅ በ174 ተሸነፈ። በአየርላንድማ በ1800 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲዋሐዱ ለተሻረው ለእያንዳንዱ ክልል 15,000 ፓውንድ ተከፍሏል።

ስለዚህ በ1832 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ ሕግ ትልቁ አዲስ ነገር ክልሎችን መሻሩ ብቻ ሳይሆን ያለ ካሣ መሻሩ ነው። በዚያን ጊዜ የኦልድ ሳረም መራጮች 11 ነበሩ፤ ሁሉም የሚኖሩት በሌላ ስፍራ ነው። ከመቶ ሺሕ በላይ ሕዝብ የነበረው ማንቸስተር ግን አንድም እንደራሴ አልነበረውም። ሕጉ ኦልድ ሳረምን ጨምሮ 56 ክልሎችን ፈጽሞ ሲያስቀር፣ ለማንቸስተር ሁለት ወንበር ሰጠው።

መሬትና ውክልና ግን በዚያ ቀን አልተለያዩም። ለእንደራሴው ራሱ በ1711 ዓ.ም. የተደነገገው የንብረት መጠን የተሻረው በ1858 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለእንደራሴነት የሚቀርበው ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ ከንብረቱ ጋራ ግን በዚያው ክልል ነዋሪ መሆኑን ይጠይቅ ነበር። ኦልድ ሳረም ይህን ሁለተኛውን ከቶ ጠይቆ አያውቅም።